የመንጠቆው ጥርስ

የአገሬን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ስለሌለ አይጠቅማችሁም። ከባሕር ወደ ደጋ ሲወጣ የሚገኝ፣ አንድ ወንዝ ብቻ ያለው አገር ነው። ወንዙም ስም የለውም፤ ሌላ ስለሌለ «ወንዙ» ብንለው ይበቃናል። የማወራችሁ በዚያ ወንዝ ዳር ወፍጮ ስለነበረው ስለ ጎረቤቴ ስለ እምሻው ነው። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሱና ባለቤቱ አንጓች አጫውተውኛል።

በወንዛችን ተመላሽ የሚባል ዓሣ ነበረ። ተመላሽ የሚወለደው እላይ ነው፤ ውሃው ሳስቶ በጠጠር ላይ በሚሮጥበት። ሲጠነክር ወርዶ ባሕር ይገባል፤ እዚያ ምን ሲሠራ እንደሚከርም የሚያውቅ የለም። ከዓመታት በኋላ ግን ክንድ አክሎ፣ ወፍሮ፣ የተወለደበትን ጠጠር ፍለጋ ሽቅብ ይመለሳል። ዕንቁላሉን እዚያው ጥሎ እዚያው ይሞታል። ከባሕር ከወጣ ጀምሮ ምግብ የሚባል አይቀምስም። ሆኖም ከላባና ከሐር ክር የተሠራ ዝንብ በአፍንጫው ፊት ካሳለፉለት ይነክሳል። ለምን እንደሚነክስ አባቶቻችን ተከራክረውበታል፤ አንዳንዶቹ በንዴት ነው አሉ፤ ሌሎቹ የልጅነቱን ቀለብ አስታውሶ ነው አሉ። በዝንቡ ሆድ ውስጥ መንጠቆ አለ። በመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ደግሞ ወደ ኋላ የምታይ ቀጭን ስለት አለች። ጥርስ እንላታለን። የገባው እንዳይወጣ የምታደርገው እሷ ናት።

ድሮ ተመላሽን አጥምደን እንበላ ነበር። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ መብላቱ በሕግ ተከለከለ። ማጥመዱ ግን አልተከለከለም፤ የአገር ኩራት ነውና። ስለዚህ ያጠመደ ሰው ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «በሰላም ሂድ፤ ስላስቸገርንህ ይቅርታ» ብሎ ይለቀዋል። ይህን ሳይል የለቀቀ ይቀጣል። ዓሣው ከተለቀቀ በኋላ ቢሞት ግን የሚጠየቅ የለም፤ በሰላም ሂድ ተብሏልና።

እምሻው ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ሲያጓራበት ስለኖረ መናገር ማለት መጮህ መስሎት ነው እላለሁ። ደስታው ከሥራ በኋላ ከጓደኛው ከደምለው ጋር ወንዝ መውረድ ነበር። ደምለው ጣሪያ ከዳኝ ነው፤ ቀልደኛ፣ ከጣሪያ ላይ ሆኖ መንገደኛውን ሁሉ የሚነካካ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚያጠምዱት።

አንድ ቀን እምሻው ትልቅ እናት ዓሣ ያዘ። መንጠቆው ከምላሷ ሥር ተቀብሮ ነበር። ቀስ ብሎ ሊያወጣው ሞከረ፤ የመንጠቆው ጥርስ ግን ሥጋውን ይዛ አልለቅም አለች። ገፋ ቢያደርገው ባሰ፤ ሳብ ቢያደርገው ተቀደደ። ደሙ በጣቶቹ መካከል ወረደ። ደምለው የዓሣዋን ጭራ ይዞለት፣ «ቀስ፣ ቀስ በል» ይለዋል። በመጨረሻ መንጠቆው ወጣ፤ አብሮት የወጣውን ግን እምሻው ማየት አልፈለገም።

«በሰላም ሂጂ፤ ስላስቸገርንሽ ይቅርታ» አላት።

እሷም ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈች ሄደች። በከተማው መካከል ስታልፍ ሰው ሁሉ አያት። አውጥቶ መቅበር ዓሣን ለራስ እንደ ማስቀረት ስለሚቆጠር ማንም አልነካትም።

እምሻው ቤቱ ገብቶ የቀረበለትን ምግብ አልቀመሰም። ሞረድ አንሥቶ በር ላይ ተቀመጠ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው አንጓች።

«ይቺን ጥርስ እየሞረድኳት ነው።»

«ታዲያ ዓሣው አያመልጥህም?»

«ያምልጠኝ።»

«ያምልጠኝ ካልክ ለምን ከነጭራሹ አትተወውም?» አለችው አንጓች።

እምሻው ሞረዱን አቆመ። «ወንዙን እወደዋለሁ» አለ።

«መውደድህንማ እጅህ ላይ አየሁት» አለችና የሚታጠብበት ውሃ ልታመጣ ሄደች።

በማግስቱ ደምለው የተሞረደውን መንጠቆ ሲያይ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይሄማ ጥርሱን ያጣ ድዳም ነው። እንዲህ ያለውን ለሚስትህ ለጆሮ ጌጥ ስጣት» አለው። ቀጥሎ ግን እንደ ቁም ነገር አድርጎ ተከራከረው፤ «እኔ ይዤ ቶሎ አወጣዋለሁ። አንተ እንዳያመልጥህ ሲባጎውን ወጥረህ ስታደክመው ትውላለህ። የቱ ነው ምሕረት?»

«እንጃ» አለ እምሻው። «እኔ ያቺን ነገር ሁለተኛ ማየት ስላልፈለግኩ ነው።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። አንዱ ባለጥርስ፣ አንዱ ድዳም መንጠቆ ይዘው፣ ያንን ወራት በሙሉ እዚያው ድንጋይ ላይ አብረው ቆሙ። እምሻውን አብዛኞቹ ያመልጡታል፤ ደምለው ይስቅበታል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ዘመን አልመጣም።

በአገራችን የወንዝ ምሕረት ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ። ሥራው አጥማጆች ዓሣውን በደንብ ይቅርታ መጠየቃቸውን መቆጣጠር ነው። የእምሻው ወሬ ከጆሮው ሲደርስ አጃቢዎቹን አስከትሎ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። ዱቄቱ ልብሱን እንዳይነካው በር ላይ ቆሞ፣ «አቶ እምሻው፣ ደግነትዎን ሰማን» አለ።

«ደግነት አይደለም ጌታዬ። አንዲት ዓሣ ሞታብኝ ነው።»

«እሱን ነው ደግነት የምንለው።»

«ለራሴ ብዬ ነው የሞረድኩት።»

ሹሙ በሐዘኔታ ተመለከተው። «ለራስ ብቻ የተደረገ ደግነት ማን ያየዋል?» አለና መንጠቆውን ተቀብሎ፣ አንዱ አጃቢ በያዘው የሐር ትራስ ላይ አስቀምጦ ወሰደው።

ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ታወጀ። ከእንግዲህ በወንዙ ላይ ጥርስ ያለው መንጠቆ የሚጥል ሁሉ ጨካኝ ነው። አዋጁን የተቀበሉት ርኅሩኆች ተባሉ። እምሻውንም አባ ሞረድ ብለው ሰየሙት፤ በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡት ጀመር። ርኅሩኆች ሰማያዊ ሰንደቅ መረጡ። ሰንደቁ በየቤቱ፣ በየድልድዩ፣ በየበሬው ቀንድ ላይ ይታሰር ስለተባለ፣ ከከተማው በላይ ያለው የማቅለሚያ ቤት ያለ ዕረፍት ይሠራ ጀመር። እጣቢው የሚፈሰው ወደ ወንዙ ነው። ውሃው እስከ ከተማው ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ሹሙ አየና፣ «ይኸው፣ ወንዙም ከእኛ ጋር ነው» አለ። እኛም አጨበጨብን።

ጥጥ ያዦች የሚባሉ ሠራተኞች የተቀጠሩት ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዳቸው የባዘቶ ጥጥ በከረጢት ይዘው በወንዙ ዳር ይዞራሉ፤ መንጠቆህን ተቀብለው በጥጡ ውስጥ ይስቡታል። ሙልጭ ብሎ ከወጣ ርኅሩኅ ነህ። አንዲት ጭረት ጥጥ ይዞ ከወጣ ጥርስ አለው።

ደምለውን የያዙት እንደዚሁ ነው። መሞረዱን ሞርዷል፤ ግን እየተነጫነጨና እየቸኮለ ስለሞረደው ከጥርሷ ሥር ጥቂት ሻካራ ቀርታ ነበር። ጥጡን ያዘች። የቅጣቱ ሕግ ደግሞ አጭር ነበር፦ ጥርስ የተገኘበት ጥርሱን ይነቀላል።

እምሻው ዱቄቱን ከላዩ ሳያራግፍ ወደ ሹሙ ቢሮ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ደምለው ሞርዷል። ትንሽ ናት የቀረችው» አለው።

«ትንሽ ጭካኔ ጭካኔ አይደለም?»

«ይማሩት። ቢሮው የምሕረት አይደል እንዴ?»

«የዓሣ ነው» አለ ሹሙ፣ ሳይቆጣ። «የሰው ምሕረት ሌላ ክፍል ነው። እሱ ገና አልተቋቋመም።»

ቅጣቱ የተፈጸመው በአደባባይ ነው። ደምለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ፣ «ራሴን እምሻው ይያዝልኝ» አለ። ሹሙ ፈቀደ፤ እንዲያውም አባ ሞረድ በሥነ ሥርዓቱ መሳተፉ መልካም ነው አለ። እምሻው ከኋላው ቆሞ የጓደኛውን ራስ በሁለት መዳፉ ያዘ። ጥርስ ነቃዩ ጉጠቱን አስገባ። የፊት ጥርሱ ጤነኛ ስለነበረ ቶሎ አልወጣም። እምሻው መዳፉ ውስጥ የጓደኛው መንጋጋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፤ «ቀስ፣ ቀስ በል» ይላል ነቃዩን፤ ነቃዩ አይሰማውም። ሲያበቃ ሹሙ ወደ ደምለው ጠጋ ብሎ፣ «በሰላም ሂድ፤ ስላስቸገርንህ ይቅርታ» አለው።

እምሻው በማግስቱ አንጓች የሠራችውን አጥሚት ይዞ ሄደ። ደምለው በሩን አልከፈተም። በሦስተኛው ቀንም ሄደ፤ አጥሚቱ በር ላይ ቀዝቅዞ ውሻ ጠጣው። ደምለው የተቆጣው በእምሻው አልነበረም፤ ይህን በኋላ ነግሮኛል። «ፊቱን ሳይ መዳፉ ትዝ ይለኛል። ራሴን እንዲይዝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ግን እምቢ እንዲል ፈልጌ ነበር መሰለኝ» አለኝ።

የተዘጋውን በር ያስከፈተው ሌላ ሰው ነው። በከተማችን ሐራጅ ይጮኽ የነበረ፣ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሚያስተጋባ ሰው ነበር። የማጥመጃ ዘንግ በእጁ ይዞ አያውቅም። ይህ ሰው ጥርስ ወዳዶችን ሰብስቦ ባለጥርሶች ብሎ ሰየማቸው፤ ራሱንም አበጋዝ አለ። ደምለውን ከቤቱ አውጥቶ በሰዎች ትከሻ ላይ አስቀመጠውና በየገበያው አፉን እያስከፈተ፣ «እዩት፣ ድዳሞች ያደረጉትን እዩ!» ይል ጀመር። እንግዲህ ጥርሱ የወለቀ ሰው የባለጥርሶች ምልክት ሆነ። ደምለው መጀመሪያ ላይ ያፍር ነበር። ሰው ሲያጨበጭብለት፣ ሴቶች ሲያለቅሱለት፣ እየዋለ እያደረ አፉን ሳይጠየቅ መክፈት ጀመረ። መቀለዱን ግን ተወ።

አበጋዙ በሸንጎ ተነሥቶ የተናገረው ንግግር አገር አንቀጠቀጠ። ድዳም መንጠቆ ዓሣውን መናቅ ነው አለ። ጥርስ የሌለው መንጠቆ ጠልቆ ይወጋል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወጋል፤ ባለጥርስ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ፤ የታመነ ቁስል ማለት እሱ ነው አለ። ሸንጎው ድምፅ ሰጠ። ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ፣ አበጋዙ ተቀመጠ። ሰማያዊው ሰንደቅ ወረደ፤ ብርቱካናማው ወጣ። የማቅለሚያው ቤት ሠራተኞችን ጨመረ። ወንዙ ብርቱካናማ ሆኖ ሲወርድ አበጋዙም በተራው፣ «ወንዙ መሰከረልን» አለ። አሁንም አጨበጨብን።

ጥጥ ያዦቹ ከሥራ አልተባረሩም። ያው ጥጥ፣ ያው ከረጢት ነው፤ አሁን ግን የሚቀጣው መንጠቆው ሙልጭ ብሎ የወጣበት ሰው ነው። እምሻው አዲስ መንጠቆ አልገዛም፤ የሞረዳቸውን ሌሎችም አልጣለም። ዘንጉን ሰቅሎ ወንዝ መውረዱን ተወ። ቢሆንም አባ ሞረድ ነውና አልማሩትም። ሞረዱን ወሰዱ፤ የወፍጮውን መዘውር ነቅለው አደባባይ ላይ አቆሙት። አንጓች የጎረቤት እህል በእጅ ወፍጮ እየፈጨች ቤቱን ትመራ ጀመር። እምሻው ዝምታው ስለበረታ፣ የወፍጮው ድምፅ ሲጠፋ እሱም አብሮ የጠፋ ይመስል ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ዓሣው መምጣቱን ተወ።

መቼ እንደተወ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም ስብሰባ ላይ ነበርን። ዝንብ የሚጥሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጥለው ባዶ ይመለሱ ጀመር። ባለጥርሶች ርኅሩኆች ዓሣውን አሞላቅቀው አበላሹት አሉ፤ ርኅሩኆች ባለጥርሶች አስፈራርተው አባረሩት አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱም ወገን በተገኙበት ጉባኤ ላይ፣ እምሻው ከኋላ ተነሣ። በአደባባይ ሲናገር ስሰማው ያኔ መጀመሪያዬ ነበር።

«ዓሣው የት ሄደ? ከመንጠቆው በፊት እስቲ ወንዙን ሽቅብ ሄደን እንየው» አለ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላብጦ አየ። «ይህ ጥያቄ ከተያዘው ጉዳይ ውጭ ነው» አለ። ሁለቱም ወገን በአንድ ላይ አጨበጨቡ። ከስንት ዘመን በኋላ የተስማሙበት ነገር እሱ ነበር። እምሻው ተቀመጠ። ከፊት ረድፍ ደምለው ዞሮ አየውና መልሶ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ አንዲት መጣች።

ጠዋት አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ሥራ በፈታው የወፍጮ ኩሬ ውስጥ አየቻት። መስመር ስታ በወፍጮው ቦይ ገብታ ነው። እናት ዓሣ ናት፤ ጎኗ ከባሕር ይዛው የመጣችውን ብር መሳይ መልክ ገና አልጣለም፤ ሆዷ ሞልቷል። አንጓች እንስራዋን አስቀምጣ ባሏን ጠራችው፤ ስትጠራው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ሁለቱም ኩሬው ዳር ቆመው አዩዋት።

«ለማንም አትንገር» አለች አንጓች። «የላይኛውን የውሃ መዝጊያ ሳንቃ አንሣላትና ትሂድ።»

እምሻው እስከ ወገቡ ኩሬው ውስጥ ገብቶ የተጣበቀውን ሳንቃ በትከሻው ያነሣው ጀመር። መዘውሩ ከተነቀለ ወዲህ ማንም ስላልነካው እንጨቱ አብጦ ነበር። ሳንቃው ተነቃነቀ፣ ትንሽ ከፍ አለ፣ ውሃው ፈለቀ። ዓሣዋም የውሃው ኃይል ሲነካት ራሷን ወደዚያ አዞረች። ያን ጊዜ ጥጥ ያዦቹ በግቢው በር ገቡ። የመጡት የተደበቀ ድዳም መንጠቆ ሊፈትሹ ነበር። ዓሣዋን ሲያዩ ግን ሳንቃውን መልሰው ዘጉት።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አበጋዙ መጣ፤ የቀድሞው ሹምም መጣ። ሁለቱ ከኩሬው ዳር ቆመው እንደ ወንድማማች ተነጋገሩ። ክርክሩን ለዘለዓለም የምትፈታ ፈተና እግዜር ራሱ አመጣልን ተባባሉ። ይህችው ዓሣ በሁለቱም መንጠቆ በየተራ ትያዝ፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሠቃያት ይመዘን፤ ከዚያ በሰላም ትለቀቅ። ከዋና ከተማም አንድ የስቃይ መዛኝ ተጠራ። መዳፉን በሚሠቃየው ጎን ላይ አድርጎ «ከበደ» ወይም «ቀለለ» የሚል ሽማግሌ ነው። ቀድሞ በሰው ላይ ሲሠራ የኖረ አዋቂ ነው ተባለ።

መንጠቆዎቹን የሚይዙትም ተመረጡ፤ ለርኅሩኆች እምሻው፣ ለባለጥርሶች ደምለው።

«አልይዝም» አለ እምሻው።

«መብትዎ ነው» አለ የቀድሞው ሹም። «ከጥጥ ያዦቹ አንዱ ይይዝልናል። እጃቸው ከባድ ነው እንጂ።»

እምሻው ጥጥ ያዦቹን አያቸው። ከዚያ ዓሣዋን አየ። መንጠቆውን ተቀበለ። ደምለውም ባለጥርሱን የተቀበለው በዚሁ ምክንያት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል፤ ያን ዕለት ግን አንዳቸውም የሌላውን ልብ አላወቁም። እያንዳንዱ ሌላውን «እሺ ብሎ መጣ» ብሎ ነው ያየው።

ሕዝቡ በኩሬው ዙሪያ፣ በጣሪያና በአጥር ላይ ሰፈረ። እኔም ነበርኩ። ዝንቡ ቢጣልላት ዓሣዋ አልነክስ አለች፤ በፊቷ ቢያሳልፉትም ዝም አለች። ጉባኤው ጥቂት ተመካክሮ መንጠቆው በእጅ አፏ ውስጥ ይግባ ሲል ወሰነ። አንጓች ይህን ስትሰማ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

እምሻው እንደምንም ከከንፈሯ ጠርዝ ላይ፣ ቆዳው በሳሳበት ሰካ። «ቀለለ» አለ መዛኙ። ርኅሩኆች እልል አሉ። እምሻው አውጥቶ፣ በሕጉ መሠረት ይቅርታ ጠየቃት። ደምለው ቀጠለ፤ እሱም ጠርዙን ፈልጎ ሰካ፤ ሲያወጣ ግን የመንጠቆው ጥርስ ያዘች። «ከበደ» አለ መዛኙ። አበጋዙ ተቃወመ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ የመጀመሪያው ባልቆሰለ አፍ፣ ሁለተኛው በቆሰለ አፍ ስለሆነ ሚዛኑ ትክክል አይደለም፤ ተራው ይገለበጥ አለ። ተገለበጠ። አሁን ደግሞ የቀድሞው ሹም ተቃወመ። እንዲህ እየተባለ ቀኑ ሊመሽ እስኪቃረብ ድረስ ቀጠለ። ደምለው ሲሰካ ያልቆሰለ ቦታ ይፈልጋል፤ እምሻው ሲሰካ ዓይኑን ይጨፍናል። በየመሃሉ ሁለቱም «በሰላም ሂጂ፤ ስላስቸገርንሽ ይቅርታ» ይላሉ፤ እሷ ግን የምትሄድበት የላትም።

በመጨረሻ መዛኙ መዳፉን በጎኗ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን በልብሱ አደረቀ። «የሚመዘን ነገር የለም» አለ።

የሞተችው በማን ተራ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ባለጥርሶች የእኛ መንጠቆ ከወጣ በኋላ ስለሞተች የሞተችው በድዳሙ ተራ ነው አሉ፤ ርኅሩኆች ድዳሙ ገና ስላልገባ በባለጥርሱ ነው አሉ። እየተገፋፉ ሳለ አንዱ ዓሣዋን ከውሃው አውጥቶ ሁሉም እንዲያያት በሰፌድ ላይ አጋደማት። ሆዷ ሲጫን ዕንቁላሉ ወጣ፤ እንደ ጨሌ የሚያበራ፣ ሰፌዱን የሞላ። ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር ሆነ። ዕንቁላሉ የየትኛው ወገን ነው? ርኅሩኆች በምሕረት ይዛ ያመጣችው ነውና የእኛ ነው አሉ። ባለጥርሶች ሥልጣን ላይ ያለነው እኛ ነን አሉ። ሰብሳቢ ተመረጠ፤ የተናጋሪዎች ተራ ተያዘ። ዕንቁላሉ በነፋስ እየደረቀ ነበር።

እምሻው ጋቢውን ኩሬው ውስጥ ነከረ። ሰፌዱ አጠገብ ሄዶ ዕንቁላሉን በመዳፉ እየዛቀ እርጥቡ ጋቢ ላይ አደረገው። ሰብሳቢው የተናጋሪዎችን ስም እየጠራ ስለነበር ማንም አልከለከለውም። ጋቢውን እንደ ሕፃን አቅፎ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣና የወንዙን ዳር ይዞ ሽቅብ ተጓዘ። ድልድዩን አለፈ፤ የማቅለሚያውን ቤት አለፈ። ከዚያ በላይ ውሃው እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። ያን ያህል መንገድ ከወጣን ዓመታት ሆኖን ነበር፤ ውሃው አሁንም ጥሩ መሆኑን እሱም ያወቀው ያኔ ነው።

ጠጠሩን በእጁ ሲቆፍር ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ደምለው ነበር። ከኩሬው ጀምሮ ተከትሎት ኖሯል።

ደምለው፣ «ወንዱ የለም እኮ» አለ። «ወንድ ያላለፈበት ዕንቁላል ምንም አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለ እምሻው።

«ታዲያ?»

«ሰፌድ ላይ ልተወው?»

ደምለው ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ተንበርክኮ ጠጠሩን በሁለት እጁ ይጠርግ ጀመር። እምሻው ዕንቁላሉን ከጋቢው ላይ በእፍኙ እያነሣ በጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠ፤ ደምለው ደቃቁን ጠጠር ከላይ አለበሰ። ሲያበቁ እጃቸው በብርድ ደንዝዞ ነበር። ስለ ጥርሱ አልተነሣም፤ ስለ መዳፉም አልተነሣም።

ጉባኤው ዕንቁላሉ መጥፋቱን ያወቀው ከቆይታ በኋላ ነው። ቢሆንም ለክርክሩ ስለማያስፈልግ ቀጠሉ፤ እስከዛሬም አልተቋጨም። መንጠቆ አሁንም በጥጥ ይፈተሻል።

ሁለቱ ግን በየጠዋቱ ሽቅብ ይሄዱ ነበር። የሞተ ዕንቁላል ነጭ ይሆናል፤ ነጩ ካልተለቀመ ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ ጠጠሩን ቀስ ብለው ይገልጡና የነጣውን በጣታቸው እየለቀሙ አውጥተው፣ የቀረውን መልሰው ያለብሱታል። አንጓች ምሳቸውን ትቋጥርላቸዋለች፤ አንድም ቀን «ምን ልትሠሩ?» ብላ አልጠየቀቻቸውም። መጀመሪያ ጥቂት ነበር የሚነጣው፤ ኋላ እየበዛ ሄደ። የሚለቅሙት ሲበዛ የሚያለብሱት አነሰ።

አንድ ጠዋት እምሻው ጠጠሩን ገልጦ ብዙ ቆየ። ደምለው ከዳር ሆኖ፣ «አለ?» አለው።

እምሻው የመጨረሻዋን በጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዛት። ከዚያ ለቀቃትና ውሃው ወሰዳት።

«የለም» አለ።

ደምለው ጠጠሩን ሊመልስ ጎንበስ ብሎ ነበር። የሚያለብሰው ነገር እንደሌለ ያኔ ትዝ አለው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።